በደበሬ የተሰጠኝ ላፕቶፕ

ታኅሣሥ 4

ዛሬም ጠፋ። ሙሽራዋ ኬኩን ልትቆርስ ቢላዋውን ስታነሳ... ድርግም። ጥቁር ስክሪን። ኤዲት የማደርገው የሰርግ ቪዲዮ ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። በዚህ ሳምንት ስንተኛ ጊዜ ነው? መቁጠር ትቻለሁ።

ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ከሥሩ መጽሐፍ አስገብቼ ከፍ አድርጌዋለሁ። ቬንትሌተር አዙሬበታለሁ። እኔ በጠዋቱ ብርድ ጋቢ ተከናንቤ፣ እሱ ነፋስ እየተነፋለት! እናቴ ገብታ አየችን። "ለእኔ እንዲህ ብትሆኚልኝ ምን ነበር" ብላ ወጣች።

ከሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። በፋኑ ጩኸት በደንብ አልሰማሁም። ማሽኑን አጥፍቼ አዳመጥኩ... ኢቢሳ የሚያንኳኳው እንዲህ አይደለም። የሱ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ነው። ሄጄ ከፈትኩ፤ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነበር።

ከጠፋ ሁለት ዓመት አለፈ። አሁንም በር ሲንኳኳ መጀመሪያ አዳምጣለሁ፣ ከዚያ ነው የምነሳው። ሞኝ ነኝ? እንጃ።

ታኅሣሥ 5

ጠፋ። ተነሳ። ጠፋ። እኔም እንደሱ።

ታኅሣሥ 7

አብዱ ጋ ወሰድኩት። መናኸሪያው አጠገብ የሞባይልና የኮምፒውተር ጥገና አለው። አባቱ ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ ነቀምቴ የቀሩ ናቸው፤ እሱ ደግሞ አማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ ሰው ነው። ከኢቢሳ ጋር በዚሁ ማሽን ኳስ ጌም ሲጫወቱ፣ ሲሰዳደቡ፣ ስንቱን ቀን አብረው አሳልፈዋል።

ከፍቶ አየው። "ይሄ ላፕቶፕ ነው የእህል ጎተራ?" አለና አቧራውን ነፋ። ሳቅሁ። ከዚያ መብራት አስጠግቶ መመርመር ጀመረ። አብዱ መቀለድ ሲያቆም አልወድም።

"ሆሲ፣ ማዘርቦርዱ ነው።"

"ምን ሆነ?"

"አረጀ ነዋ። የጌም ማሽን ነው። ልጅ ተጫውቶበት ሦስት አራት ዓመት ቆይቶ እንዲጣል ነው የተሠራው። አንቺ ቀን ከሌት ሰርግ ታበስይበታለሽ።"

ቺፑን አሙቆ ሊመልሰው ይችላል፤ ግን ከጥምቀት አያልፍም አለ። ሌላው መንገድ ማዘርቦርዱን መቀየር ነው። መርካቶ የሚያውቀው ልጅ ከዚሁ ዓይነት ማሽን የወጣ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ቦርድ አለው። እዚሁ ላፕቶፕ ቀፎ ውስጥ ልክ ይገባል።

"ያዋጣል?" አልኩት።

"ያዋጣልም፣ አያዋጣምም።"

ሰው ቀጥ ያለ ነገር ሲጠይቅ ለምን ቀጥ ያለ መልስ አያገኝም? እንደሱ ሐሳብ፣ ስክሪኑ ገና ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ስክሪን ዛሬ በዋዛ አይገኝም። በቦርዱ ዋጋ አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ ብል የማገኘው ደብዳቤ መጻፊያ ነው፤ ቪዲዮ አይሸከምም። በዚያ ላይ ደግሞ ቦርዱ ከፍ ሲል ሙቀቱም ከፍ ይላል። ፋኑና ቻርጀሩ አብረው ካልተቀየሩ ብሩን ወንዝ መጣል ነው። ቦርዱም ቢሆን አዲስ አይደለም፤ ሌላ ሰው ጋ ስንት እንደሠራ ማን ያውቃል?

"አስቢበት" አለኝ። "ግን ቶሎ አስቢ። ጥር ደረሰ።"

ጥር... የሰርግ ወር። እኔንና እናቴን ዓመቱን የሚያሻግረን ጥር ነው።

ኪቦርዱንም እንቀይረው ብሎኝ ነበር። አራት ፊደሎች ጠፍተውበታል፤ ኢቢሳ ጌም ሲጫወት በጣቱ የፈገፈጋቸው። አይነካም አልኩት። ጮኼ መሰለኝ፣ ደነገጠ።

ታኅሣሥ 8

ትናንት ያልጻፍኩት አለ። ልወጣ ስል አብዱ ጠርቶ መለሰኝ።

"የኢቢሳ ክፍልስ?"

ላፕቶፑ ውስጥ ሁለት ክፍል አለ። አንዱ የእኔ ነው፣ የምሠራበት። አንዱ የእሱ፣ የተቆለፈ፣ በጣቱ አሻራ ብቻ የሚከፈት። ነክቼው አላውቅም። ፎቶዎቹ እዚያ ናቸው፤ የቀዳቸው ድምፆች፣ ጌሞቹ፣ ምን ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ።

አብዱ እንደሚለው የቁልፉ ነገር ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ይሄ ቦርድ እስካለ ኢቢሳ መጥቶ ጣቱን ቢያሳርፍ ይከፈትለታል። ቦርዱ ከተቀየረ ግን...

"ራሱም ቢመጣ አይከፍትለትም" አለ።

ራሱም ቢመጣ። ሌሊቱን ሙሉ ይቺን ቃል ሳገላብጥ አደርኩ። ታዲያ ይሄ የማዘርቦርድ ጥያቄ ነው? ቀይሩት ማለት አይመጣም ማለት አይደለም? አለመቀየርስ? ቦርዱ ራሱ ሲሞት ያው ቁልፉም አብሮት ይሞታል። ብቀይረውም እሱ፣ ባልቀይረውም እሱ። ልዩነቱ አንዱን እኔ በእጄ የማደርገው መሆኑ ነው።

ታኅሣሥ 10

ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው።

ኢቢሳ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ ኤዲት አደርጋለሁ። "ነበር" ብዬ ጻፍኩ... ይሁን። አንድ ሰርግ ሊቀርጽ ካሜራውን ይዞ ወደ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ሄደ። ሰርጉን ቀርጾላቸዋል። ሲመለስ መኪናው መንገድ ላይ ቆመ ተባለ። የወረዱ ሰዎች አሉ ተባለ። ማን አወረዳቸው? ወዴት ሄዱ? የጠየቅነው ሰው ሁሉ የሚነግረን ሌላ ሌላ ነው። ያኔ ደግሞ ስልክ አይሠራም ነበር። ስልክ ሲመለስ የሱ አልተመለሰም። አባቱ ያልጠየቁት ቢሮ፣ ያልረገጡት ከተማ የለም። ሞተ ያለ የለም። አለ ያለም የለም።

ላፕቶፑን የሰጠኝ ሊሄድ ሲል ነው።

"በደበሬ ሰጥቼሻለሁ።"

"ደበሬ ደግሞ ምንድነው?"

"እዚህ ተወልደሽ ደበሬ አታውቂም? ላም ለሌለው ላም ይሰጠዋል። ይቀልባታል፣ ወተቷን ይጠጣል። ላሟና ጥጃዋ ግን የባለቤቷ ናቸው።"

"ርቢ በለኛ!"

"ርቢ እነ እናትሽ ጋ። እኛ ጋ ደበሬ። ከታመመች መጥተሽ ትነግሪኛለሽ። ከሞተች ቆዳዋን ታመጫለሽ። ቆዳ ካላመጣሽ አርዳ በላችብኝ ነው የምልሽ።"

ላፕቶፕ ቆዳው የቱ ነው ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። በር ላይ ሲደርስ ዞሮ "ስመለስ አባቴን ሽማግሌ አስይዤ ቤታችሁ እልካለሁ" አለ። እነሱ ፕሮቴስታንት፣ እኛ ኦርቶዶክስ፣ እናቴ ምን ትላለች እያልን ያቆየነው ነገር ነበር። እየሳቀ ነው ያለው። ቀልዱን ይሆን? እውነቱን ነበር። እውነቱን ነበር እላለሁ።

ማን ሰማ? ማንም። እጮኛው አይደለሁ፣ ሚስቱ አይደለሁ። ለቅሶ እንኳ የማይፈቀድልኝ ሰው ነኝ።

ታኅሣሥ 13

እሑድ። እናቴ ከቅዳሴ መልስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ነገር እንዳለ አወቅሁ።

"ምን ወሰንሽ?"

"ምኑን?"

"እናትሽ ካሰች ደንቆሮ መሰለችሽ? ያንን የሚጮኸውን ነዋ።"

ነገርኳት፤ ስለ ቦርዱ፣ ስለ ቁልፉ፣ ሁሉንም። እሷ የጎጃም ሰው ናት፤ ነገር ሳታሽ አትውጥም። ሰምታ ሰምታ፣ "ላም አለኝ በሰማይ ወተትዋንም አላይ" አለች። ልቤ ቆሰለ። ኩም ስል አይታ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

"የሰው ከብት ሲታመም ለባለቤቱ ይነገራል፣ የኔ ልጅ። ልጁ የለም፣ ቤቱ ግን አለ። ለአባቱ ንገሪ። አድርጊ ካሉሽ ታደርጊያለሽ፤ ተይ ካሉሽ ትመልሻለሽ። አንቺ ማን ሆነሽ ነው ብቻሽን ሆዱን የምትቀድጂው?"

ማን ሆኜ ነው... እሱን አይደል እኔም የምጠይቀው።

ታኅሣሥ 16

ቲቲ ደወለች፤ ኬኳን ያልቆረሰችው ሙሽራ። "ባሌ ሳያየው ወደ ሥራው ሊሄድ ነው። ቃል ገብተሽልኝ!" አለች። ይቅርታ አልኳት። ስልኩን ስትዘጋ ስሜን በቁጣ ነው የጠራችው።

አብዱም ደወለ። የመርካቶው ልጅ ቦርዱን የሚፈልግ ሌላ ሰው አግኝቷል። እስከ ገና ይጠብቃል።

ቲቲ እውነቷን ነው። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ተናደድኩ። ላፕቶፑ ላይ ተናደድኩ። ኢቢሳ ላይም ተናደድኩ! ለምን ሄድክ? አንድ ሰርግ ቢቀር ምን ይሆን ነበር?

ታኅሣሥ 20

ነገ እሄዳለሁ። የኢቢሳ አባት ኦቦ ባይሳ ቢላ የምትባል ከተማ ነው የሚያስተምሩት። ለሰንበት ይመጣሉ፣ ሰኞ በጠዋቱ መኪና ይመለሳሉ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቸርች ናቸው፤ እንግዳም አለባቸው። ስለዚህ ነገ ሳይወጡ በጠዋት ልደርስባቸው ነው።

እናቴ አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። "የሰው ንብረት ይዞ ለብቻ አይኬድም። ምስክር ያስፈልጋል።"

ምን እንደምል እየተለማመድኩ ነው። "አባባ፣ ላፕቶፑ ታሟል..." ሲሰሙት ይስቁብኝ ይሆን?

ታኅሣሥ 21

በሥርዓቱ ልጻፈው።

ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ ወጣን። የላፕቶፑ ቦርሳ ዚፑ ተበላሽቷል። እናቴ አቧራ እንዳይገባው ብላ በነጭ ነጠላ ጠቀለለችው። እሷም ብርዱን ፈርታ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። መንገድ ላይ ጋሽ ወልደዮሐንስን አገኘናቸው። ባለሱቅ ናቸው፣ የእድራችንም ዳኛ። ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲሄዱ ነበር። "በዚህ ጠዋት ብቻችሁን? ላድርሳችሁ" ብለው አብረውን ተራመዱ። ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ነው ጉድ የሠራን።

ማን አሰበ? ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላ የተከናነበች እናት፣ የእድር ዳኛ፣ በነጭ የተጠቀለለ ዕቃ የታቀፈች ልጅ። ሰው በዚህ ሰዓት እንዲህ ሆኖ ሰው ቤት የሚሄደው ለምንድነው? ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ለመርዶ ነው። እኔ ግን የማስበው ስለ ማዘርቦርድ ነበር! እናቴም፣ ስንት መርዶ ያረዳች ሴት፣ የምታስበው ስለ ከብት ነበር።

የከፈቱልን የኢቢሳ እናት አዴ ድርቤ ናቸው። አዩን። አንድ በአንድ አዩን። ጋሽ ወልደዮሐንስ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

"ማል ታኤ?" አሉ። ምን ሆነ? ቀስ ብለው ነው ያሉት።

አፌን ከፈትኩ። ከየት ልጀምር ብዬ ትንሽ ዘገየሁ። ያቺ መዘግየት ናት...

"ኢልመ ኮ!"

ልጄን! ብለው ወደቁ። በሩ ላይ፣ እግራችን ሥር። ጩኸቱ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። እኔ "አይደለም! አይደለም!" እላለሁ። ማን ይስማኝ? "ማዘርቦርዱ ነው! ማዘርቦርዱ ነው የተበላሸው!" እያልኩ በለቅሶ መሀል እጮሃለሁ። አሁን ሳስበው ያስቃል። ያስቃል? አልሳቅሁም።

ኦቦ ባይሳ ለመንገድ እየተዘጋጁ ነበር መሰለኝ፣ አንድ እግራቸውን ብቻ ተጫምተው ወጡ። ጥቅልሉን ከእጄ ተቀብለው ነጠላውን ፈቱት። ላፕቶፑን ገልብጠው አዩት። ከፈቱት። ፊደሎቹ የጠፉበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ነኩት።

"የኢቢሳ አይደለም?"

"ነው አባባ። በደበሬ ነበር የሰጠኝ። ታሞብኝ... ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።"

ዞረው ለሰዉ በኦሮምኛ ተናገሩ። መርዶ አይደለም አሉ። ልጄ ሞተ ያለ የለም፣ ዕቃ ነው የመጣው አሉ። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ረገበ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ተነስቶ መሄድም ነውር፣ መቀመጥም ነውር ሆነ።

አዴ ድርቤ ግን አልተነሱም። መሬት ላይ እንደተቀመጡ፣ በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል፣ እንዲህ አሉ።

"ሰምቻለሁ። ዕቃ ነው። ሰምቻለሁ። ተዉኝ ላልቅስ። ሁለት ዓመት አልቅሺ ያለኝ ሰው የለም። በሰው ፊት ካለቀስኩ እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ፈራሁ። በስህተትም ቢሆን ዛሬ ወጥቷል። ተዉት ይውጣ።"

ሴቶቹ ተመልሰው አጠገባቸው ተቀመጡ። ጋሽ ወልደዮሐንስ ኮፍያቸውን አውልቀው ግድግዳው ሥር ቆሙ፤ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ዋሉ። እናቴ ሳትጠየቅ ማጀት ገብታ ውሃ ጣደች። ኦቦ ባይሳ ቢላ አልሄዱም፤ ሁለተኛውን ጫማ እንኳ ሳያደርጉ ዋሉ። ድንኳን የለም፣ ፎቶ የለም፣ ሬሳ የለም። ለቅሶ ያልሆነ ለቅሶ ዋልን።

እኔም አለቀስኩ። እስኪበቃኝ። አንድም ሰው "አንቺ ምኑ ነሽ?" አላለኝም።

ታኅሣሥ 22

ምን አደረግሁ? ምን አደረግሁ?

ላፕቶፑም እዚያው ቀረ። ጠረጴዛው ባዶ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ራሱ ይጮኻል።

ታኅሣሥ 23

ከተማው አውርቶታል። ዳቦ ቤት ሁለት ሴቶች ሲያዩኝ ዝም አሉ። "በቁም ያለ ልጅ መርዶ ያመጣችው" ነኝ መሰለኝ አሁን። እናቴ "ወሬ ሲሰለቸው ይተኛል" ትላለች። እሷም ግን ከቤት አልወጣችም። ያንን ነጠላ አጥባ አስጥታዋለች፤ ደርቋል፣ አታነሳውም።

ታኅሣሥ 26

በር ተንኳኳ። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ባዶ እግሬን ነበርኩ። ስከፍት ኦቦ ባይሳ ቆመዋል፣ ላፕቶፑን ቢላ ሲመላለሱ በሚይዙት ቦርሳ ይዘው። እንዲህ ማንኳኳቱን ከአባቱ የወረሰው መሆኑን እስከዛሬ አላወቅሁም ነበር። ፊቴን አይተው ገባቸው መሰለኝ፣ "ይቅርታ ኢንተለ ኮ" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። እንደዚያ ጠርተውኝ አያውቁም።

ገብተው ተቀመጡ። እናቴ እግራቸው ሥር ልትወድቅ ስትል ያዟት። "ተይ ካሰች። ድርቤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ተኝታ አታውቅም" አሏት።

ከዚያ ስለ ማሽኑ ጠየቁኝ፤ እንደ አስተማሪ፣ ከሥሩ። ምኑ ነው የታመመው? ቢቀየር ስንት ጊዜ ያገለግላል? ልጄ ቢመጣ ይከፍተዋል? አልዋሸሁም። ቦርዱ ከተቀየረ አይከፍተውም አልኩ።

"ቆዳውስ?"

"እ?"

"አሮጌው ቦርድ። የት ይጣላል?"

አብዱ ጋ ደወልኩና ድምፁን ለሁላችን ከፈትኩት። አብዱ አሰበ። አሮጌው ቦርድና የድሮው ዲስክ ሳይለያዩ ከተቀመጡ ቁልፉም በሩም አብረው ተቀመጡ ማለት ነው አለ። ለእኔ አዲስ ዲስክ ይገባል። ኢቢሳ ሲመጣ አሮጌዎቹን መልሶ ገጥሞ ማስነሳት ይቻላል። "ግን ኦቦ ባይሳ፣ ልዋሽዎ አልፈልግም። ቦርዱ በሽተኛ ነው። አንዴ ቢነሳ ነው። ላይነሳም ይችላል።"

"አንዴ ይበቃል" አሉ ኦቦ ባይሳ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሊነሱ ሲሉ መልሰው ተቀመጡ።

"ኢቢሳ ሊሄድ ሲል ስለ አንቺ ነግሮናል። ስመለስ ሽማግሌ ትይዝልኛለህ ብሎኛል።"

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ... እውነቱን ነበር! ለአባቱ ነግሯል! ደስታ ነው መጀመሪያ የመጣው፤ ይሄን ልደብቀው አልችልም።

"ሁለት ዓመት ይሄን ይዘን ዝም አልን" አሉ። "ስትመጪ ስትሄጂ እናይ ነበር። ሌላም ሰው አብሮን ይጠብቃል ብለን ደስ ይለን ነበር። ጥፋት ነው። ሰው በደበሬ አይያዝም። እኛ ወላጆቹ ነን፤ እስክንሞት እንጠብቃለን። አንቺ ግን ኑሪ። ማሽኑም ያንቺ ነው ከዛሬ ጀምሮ። ቆዳውን ብቻ አምጪልን።"

እምቢ ልላቸው ፈለግሁ። እኔም እጠብቃለሁ ልላቸው። ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ነፃ የወጣሁ አልመሰለኝም። ከቤት የተባረርኩ ነው የመሰለኝ።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ቦርዱ ከአዲስ አበባ በሹፌር እጅ ተልኳል። እስካሁን አልደረሰም። መንገድ ተዘግቷል የሚሉ አሉ። የሹፌሩ ስልክ አይነሳም።

አምላኬ፣ ዕቃው ይቅር። ሹፌሩን አድርስልኝ። ሚስት አለችው? እናት አለችው? ለአንድ ማዘርቦርድ ብዬ ነው ሰው መንገድ ላይ ያዋልኩት።

ጥር 1

ደረሰ! ጎማ ፈንድቶበት ባኮ አድሮ ነው። ሹፌሩን አብዱ ሱቅ አግኝቼ አቀፍኩት፤ ሰውዬው ግራ ገባው።

ጥር 3

አብዱ ቀየረው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። አሮጌውን ቦርድ ሲያወጣ ቺፑ ዙሪያ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ሽሮ ይመስላል። ይሄን ያህል ተቃጥሎ እንዴት እስካሁን ሠራ? አብዱ "ጠንካራ ነበር" አለ። ስለ ቦርዱ ነው ያለው።

አዲሱ ገባ። አዲስ ፋን፣ ወፍራም ቻርጀር። ኪቦርዱ ያው ነው፤ አራቱ ፊደሎች እንደጠፉ። ሲነሳ ምንም አያውቅም፤ እንደ አራስ ልጅ። የባለቤቱን ስም ጠየቀ። አብዱ ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ሻይ ሊያመጣ ወጣ። ሻይ ሊያመጣ አልነበረም፣ አውቃለሁ።

ብዙ ቆይቼ "ሆሳዕና" ብዬ የራሴን ስም ጻፍኩ።

ጥር 4

እሑድ ከሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ "አዴ ድርቤ! ሆሳዕና ነኝ! በደህና ነው የመጣሁት!" እያልኩ። ጎረቤት ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

ቦርዱንና ዲስኩን በዚያው በታጠበው ነጠላ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። እጃቸው ላይ መዘኑት።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"ጣቱን የሚያሳርፈው የቱ ጋ ነው?"

"እሱ ላፕቶፑ ላይ ነው የቀረው፣ እማማ።"

"እንግዲያ ላፕቶፑን እንዳትሸጪ።"

"አልሸጥም።"

የኢቢሳን የክት ሸሚዝ ካስቀመጡበት ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ክዳኑን ዘጉ፤ መልሰው ከፍተው ነጠላውን አስተካከሉ፤ ዘጉ። ስወጣ ግንባሬን ስመው "የሰው ሰርግ ብቻ ስትሠሪ አትኑሪ" አሉኝ።

ጥር 19

ለቲቲ ቪዲዮዋን ከነይቅርታው አደረስኩላት። ኬኳን ቆረሰች በመጨረሻ። ከጥምቀት ወዲህ ደግሞ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው። ማሽኑ አንድም ቀን አልጠፋብኝም። አብዱ "አዋጣሽ?" ብሎ ላከብኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ለሥራው አዋጥቷል። ፋኑ አይሰማም። ሲሠራ ትንፋሹ እንኳ የለም።

እንደዚያ ጸጥ ባለበት ዛሬ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ተነሳሁ፣ ከፈትኩ። የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው። ቆጣሪውን አሳየሁት፣ ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ሸኘሁት። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ የሙሽራውን እናት ጭፈራ ቆርጬ ቀጠልኩ።

ብዙ ከሠራሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። አላዳመጥኩም። በር ተንኳኳ፣ እኔ ሳላዳምጥ ተነስቼ ከፈትኩ።

ወደ በሩ ሮጥኩ። ከፈትኩት። ማንም የለም። መንገዱ ላይ ፀሐይ ብቻ። የበሩን እንጨት ተደግፌ "ይቅርታ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።